ከረጢት የለበሰው ኮሶ

ባለፈው ጥር ከመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ጋር እንጦጦ ፓርክ ሄድን። የሠራተኞች መዝናኛ ነው ተብሎ ስም ከተያዘ በኋላ መቅረት አያምርም። አውቶቡሱ ጠመዝማዛው ላይ ፍጥነቱን ሲቀንስ፣ አንዲት ሴትዮ መንገድ ዳር ጆንያ ዘርግታ የደረቀ ኮሶ ስትሸጥ አየሁ። አጠገቤ የተቀመጡት ልጆች ምን እንደሆነ አላወቁትም፤ አንዷማ ሻይ ቅጠል መስሏት ነበር። መስኮቱን ከፈትኩት። የደረቀ ሣር፣ የአሮጌ ሳጥንና ትንሽ ደግሞ የመድኃኒት ቤት ሽታ ገባ። ሽታ ትዝታ ቀሰቀሰብኝ የሚሉ ሰዎችን ብዙም አላምናቸውም፤ አብዛኛውን ጊዜ ያጋንናሉ። ያን ቀን ግን እስከ ፓርኩ በር ድረስ ባልደረቦቼ ያወሩትን አንዱንም አልሰማሁም።

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ደርግ ከመጣ ጥቂት ዓመታት ሆነውታል፤ ስኳርና ሳሙና ከቀበሌ ሱቅ በወረፋ እንወስዳለን፣ ጨርቅ እንደ ልብ አይገኝም። ቤታችን የካ ውስጥ፣ ወደ ተራራው የሚወጣው የጭቃ መንገድ የሚጀምርበት ነበር። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። መንገድ ዳር ያለችውን ክፍል ለስፌት መኪናው ሰጥቶ፣ እኛ ከኋላ ባሉት ሁለት ክፍሎች እንኖር ነበር። እኛ ማለት አባቴ፣ እናቴ፣ እኔና የእናቴ ታናሽ እህት እትዬ ዘኔ ነን።

የእትዬ ዘኔ ሙሉ ስሟ ዘነበች ነው። ወላጆቻቸው ሲሞቱ እናቴ ከአገር ቤት አምጥታ አሳደገቻት። ትምህርት ቤት ያስገባቻት ማንበብና መጻፍ ችላ ደህና ባል እንድታገኝ ነበር። እሷ ግን አንዴ ከገባች በኋላ መውጫው ጠፋባት። ሁለተኛ ደረጃ እያለች ከክፍሏ አንደኛ ስትወጣ ወንዶቹ መምህሩ ያዳላላታል ብለው አሙዋት። መምህሩ ተቀይሮ ሌላ ሲመጣም አንደኛ ወጣች። ዩኒቨርሲቲ በገባች በማግስቱ በሚባል ጊዜ ትምህርት ተቋረጠና ተማሪው ሁሉ ለዘመቻ ወደ ገጠር ተላከ። ከዘመቻ ስትመለስ አብረዋት ከጀመሩት ሴቶች ከፊሎቹ አግብተው፣ ከፊሎቹ ሌላ ትምህርት መርጠው፣ ሌሎቹም ጨርሶ ሳይመለሱ ቀርተው፣ ከክፍሏ ባዮሎጂ የምታጠና ሴት እሷ ብቻ ሆነች። እንቁራሪት በሚቀደድበት ቀን ወንዶቹ ስትጮህ ለማየት ዙሪያዋን ይቆሙ ነበር። አልጮህ ስትላቸው ሰለቻቸውና ወደየራሳቸው እንቁራሪት ተመለሱ። በሕንፃው ውስጥ የሴቶች መጸዳጃ ስላልነበረም ግቢውን አቋርጣ ሌላ ሕንፃ ትሄድ ነበር። ይህን ሁሉ የምታወራው ስለ ሌላ ሰው እንደምታወራ ሆና ነው፤ ይህን ጠባይ ከእሷ ሳልወርስ አልቀረሁም።

ያ ዓመት የመጨረሻዋ ነበር። የመመረቂያ ጥናቷን በሰኔ ካቀረበችና ከተወደደላት፣ ትምህርት ክፍሉ ረዳት መምህርት አድርጎ ሊያስቀራት ይችላል። ካላቀረበች መንግሥት በመደባት ክፍለ ሀገር ሄዳ ታስተምራለች። እስከዚያ ድረስ ትምህርት ክፍሉ ያስቀራት አንዲትም ሴት አልነበረችም። አስተማሪዋ ይህን አስታውሶ፣ ምክንያት እንዳትሰጪያቸው ብሎ መክሯት ነበር። ለአባቴ ስትነግረው ሰማሁ። ምክንያት የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ ባላውቅም፣ ከቤታችን ማንም ሰው አንስቶ እንዳይሰጥ ለጥቂት ቀናት በር በሩን ስጠብቅ ከረምኩ።

ጥናቷ ስለ ኮሶ ነበር፤ ይህ ደግሞ በእኛ ቤት አንገት የሚያስደፋ ነገር ነው። ክኒን ከመጣ ቆይቷል። አባቴ ግን በክኒን አያምንም። ጥሬ ሥጋ ይወዳል፤ ስለዚህ በየተወሰነ ጊዜ አንድ ማለዳ የተወቀጠ ኮሶ በውኃ አስበጥብጦ ይጠጣና ቀኑን ሙሉ በር ዘግቶ ይውላል። ኮሶ የጠጣ ሰው እንግዳ አይቀበልም፤ መጠጣቱም በግልጽ አይነገርም። የእኔ ሥራ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ለመጣ ደንበኛ ሁሉ፣ አባዬ ላምበረት ክር ሊገዛ ሄዷል ማለት ነበር። ሰፈሩ በሙሉ ነገሩ ይገባዋል። ክሩ ዛሬ ጠንከር ብሏል እንዴ ብለውኝ እየሳቁ የሚሄዱ ነበሩ። እኔም አዎ፣ ጥቁሩ ክር ጠፍቷል እያልኩ ከልቤ እመልስላቸው ነበር።

እንግዲህ በዚህ ቤት ነው እትዬ ዘኔ የኮሶ ነገር ያነሳችው። ልታስረዳ አፏን ስትከፍት እናቴ፣ ዩኒቨርሲቲ የላክንሽ የትል መድኃኒት ልትማሪ ነው ወይ ብላ ዝም አሰኘቻት። ለጎረቤት ደግሞ፣ ስለ ዛፎች ነው የምታጠናው ትል ነበር። የትኛው ዛፍ ተብላ ስትጠየቅ ምድጃ ላይ የተጣደ ነገር ትዝ ይላታል።

ያላገባች ሴት ብቻዋን ጫካ አትወጣም ተባለና እኔ ጠባቂ ሆኜ ተመደብኩ። ፈረቃዬ የጠዋት ስለነበር ከሰዓት በኋላ ነፃ ነኝ። ከጥቅምት ጀምሮ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ተራራውን እንወጣ ነበር። የባሕር ዛፍ ቅጠል ከእግራችን ሥር ይንሻተታል፤ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ጎንበስ እንዳሉ ሲወርዱ መንገድ እንለቅላቸዋለን። ነፋሱ ጆሮ ያሳምማል። እትዬ ዘኔ በቀሚሷ ሥር የአባቴን አሮጌ ሱሪ ታጠልቃለች፤ ሰፈሩን ካለፍን በኋላ ቀሚሷን ወደ ላይ ሸብ ታደርገውና እርምጃዋ ይለወጣል። እሷ ላይ ለመድረስ እኔ መሮጥ ነበረብኝ።

ዛፎቹ ከጋራው ጫፍ ዝቅ ብሎ፣ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ጓሮ ነበሩ። ዙሪያቸውን ያለው ሁሉ ባሕር ዛፍ ነው፤ እነሱ ግን ወፍራም፣ ጎባጣ፣ ልጣጫቸው እንደ አሮጌ ቀለም የሚረግፍ ዛፎች ናቸው። ሁለቱ ሴቶች፣ አንዱ ወንድ መሆናቸውን ነገረችኝ። የሴቶቹ አበባ ቀላ ብሎ ወደ ታች ይንዠረገጋል፤ የወንዱ ቢጫማ ነው፣ ሲነካ ዱቄት ይበናል። ማን አጋባቸው ብዬ ጠየቅኳት። ነፋስ አለችኝ፣ ከወንዱ ዱቄቱን አንስቶ ለሴቶቹ ያደርሳል። ከዚያ ቀን በኋላ ነፋስ በተነሳ ቁጥር ቀሚሴን በሁለት እጄ ጨብጬ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር እሮጥ ነበር። ማግባት አልፈልግም ነበር፣ በተለይ ሳልጠየቅ።

ለመድኃኒት የሚሸጠው የሴቴዋ አበባ ነው። ስለዚህ ሰው ወንዱን ኮሶ የማይረባ ነው እያለ ለማገዶ ይቆርጠዋል። እትዬ ዘኔ ልታሳይ የፈለገችው፣ ወንዱ ካለቀ ሴቶቹ ምንም ያህል ቢያብቡ ዘራቸው ባዶ እንደሚሆን ነው። ባዶ ዘር ደግሞ አይበቅልም። ይህን ለማወቅ የአንዳንዱን ቅርንጫፍ አበባ ገና ሳይፈነዳ በከረጢት ሸፍና ነፋሱን ትከለክለዋለች፤ ሌላውን ክፍት ትተወዋለች፤ ሲደርስ ሁለቱን ታስተያያለች። ከረጢቶቹን አባቴ ከቁርጥራጭ አቡጀዲ ሰፋላት። ማሰሪያቸው ቀይ ነበር፤ በመስከረም ለቀበሌው የአብዮት በዓል ካዘጋጀው መፈክር የተረፈ ጨርቅ ነው። ቁርጥራጩ የቀበሌ ንብረት ስለሆነ ማንም እንዳያይ ብሎ አባቴ በጋዜጣ ጠቅልሎ ነው የሰጠን። አስረን ስንጨርስ ከሩቅ ሲታዩ ነጫጭ ነገሮች በቀይ ክር ዛፍ ላይ ተንጠልጥለዋል።

የዛፎቹ ጎረቤት እማማ ድንቄ የሚባሉ አሮጊት ነበሩ። ኮሶ ለቅመው፣ አድርቀው ገበያ ይሸጣሉ፤ ከእናቴ ጋር የጽዋ ማኅበር አንድ ላይ ይጠጣሉ። እትዬ ዘኔ ገና በመጀመሪያው ቀን ቤታቸው ሄዳ፣ የዘንድሮን አበባ ከእነዚህ ዛፎች እንዳይለቅሙ ለመነቻቸው። እሳቸውም፣ ጋራው ሰፊ ነው ልጄ፣ ሌላ ቦታ እለቅማለሁ ብለው እሺ አሏት። ቃላቸውን ጠበቁ። ስናልፍ ስናገድም በር ላይ ቆመው እትዬ ዘኔን በሐዘን ያዩዋት ነበር። ሐዘኑ የአበባው መስሎኝ ነበር።

ሐዘኑ የሌላ ነገር ነው። እትዬ ዘኔ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አንድ የገንዘብ ቤት ሠራተኛ ሽማግሌ ልኮ፣ ስመረቅ እናያለን ብላ መለሰቻቸው። ሰውየው ምርቃቷን አልጠበቀም፤ ለፋሲካ ሌላ አገባ። እናቴ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣች። በማኅበሩ ቀን ለሴቶቹ፣ እህቴ እድሏ ታስሯል፣ አንድ ምቀኛ አስሮባታል ብላ ስታለቅስ እኔም ጉልበቷ ሥር ቁጭ ብዬ እሰማ ነበር። የታሰረ እድል ምን እንደሚመስል ጠየቅኳት። እናቴ እንባዋን እየጠረገች፣ በጨርቅ ተቋጥሮ ሰው የማያየው ቦታ ይሰቀላል አለችኝ። ሌሎቹ ሴቶች ራሳቸውን ነቀነቁ። እማማ ድንቄ ግን ጽዋቸውን አስቀመጡ።

ኅዳር ሊያልቅ ሲል አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስንወጣ ዛፎቹ ላይ አንድም ከረጢት የለም። አበቦቹ አንድ ሳይጎድል በቦታቸው ተንዠርግገዋል፤ ነፋሱም እንደልቡ ያወዛውዛቸዋል። እትዬ ዘኔ ዛፉን ዞረችው፣ እንደገና ዞረችው፣ ከዚያም መሬት ላይ ተቀመጠች። አበባው ካልተወሰደ ምን ያስከፋል ብዬ አሰብኩና፣ ሌባው ጅል ነው ጨርቁን ብቻ ነው የወሰደው አልኳት። አልሰማችኝም። ነፋስ አንዴ ከነካው በኋላ የሸፈነችው አበባና ያልሸፈነችው አንድ ሆኗል፤ ጥናቷ በዚያች ሰዓት አበቃ ማለት ነው። ፊቷ ኮሶ እንደጠጣ ሰው ጨልሞ ነበር።

እማማ ድንቄ ቤት ሄድን፣ ማን እንደወሰደው አይተው እንደሆነ ልትጠይቃቸው። ገና ሲያዩዋት ፊታቸው በራ። ጎትተው አስገብተው መደብ ላይ አስቀመጧት፣ ጉንጯን ደጋግመው ሳሙ።

«ፈታሁልሽ» አሏት። «አንድ በአንድ ፈታሁት። ጠበል ረጨሁበትና አቃጠልኩት። አንድ አበባ አልነካሁብሽም፣ ቃሌ ቃል ነው። አንቺ በየቀኑ እየመጣሽ አንጋጠሽ ስታዪው ልቤ አልቻለም። አሁን ዓመት አይሞላሽም፣ ታገቢያለሽ።»

እትዬ ዘኔ የእሳቸውን እጅ ተመለከተች። ክሩን ሲፈቱ ጣታቸው ተልጦ በጨርቅ ጠቅልለውት ነበር። በዚያ ዕድሜያቸው ዛፍ ላይ ወጥተው ነው የፈቱት።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማ» አለች።

ያቀረቡላትን ቆሎ ትንሽ ቆነጠረች፣ ተነሳች፣ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። ቁልቁለቱን ስንወርድ እኔ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ከእስራት መፈታት ጥሩ ነገር ነው ብዬ እያሰብኩ ከፊት ከፊቷ እዘል ነበር።

እናቴ ሽንኩርት ስትከትፍ ደረስን። እትዬ ዘኔ በር ላይ እንደቆመች፣ ለእማማ ድንቄ እድሏ ታስሯል ያልሻቸው አንቺ ነሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት። እናቴ ቢላዋውን ሳታስቀምጥ፣ ታዲያ አልታሰረም እንዴ፣ እኩዮችሽ ሁለትና ሦስት ወልደዋል አለች።

«ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ እታለም። በገዛ እጄ። አባባ ናቸው የሰፉልኝ። አሁን በሰኔ የማቀርበው ነገር የለኝም። ክፍለ ሀገር እመደባለሁ፣ ቦታውን ለሌላ ይሰጡታል። ከእኔ በኋላ ለምትመጣዋም ሴት፣ ዘነበችን ሞክረናት ነበር ይሏታል።»

እትዬ ዘኔ አባቴን አባባ ነው የምትለው፤ በእጁ ነው ያደገችው። እሱም ከስፌት መኪናው ተነስቶ መጥቶ በሩ መሐል ቆሞ ነበር።

እናቴ ለምን አልነገርሽኝም ብላ ድምጿን ከፍ አደረገች። እትዬ ዘኔ የመለሰችው ቀስ ብላ ነው። ነግሬሽ ነበር፣ የትል ነገር ነው ብለሽ ዝም አሰኘሽኝ አለቻት። እናቴ ሽንኩርቱን መክተፍ ቀጠለች። ከሌላው ጊዜ ሁሉ በላይ ነው የከተፈችው፤ ማታ ወጡ ሽንኩርት ብቻ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ለትምህርት ቤት ደብተሬን ስይዝ እናቴ፣ እትዬ ዘኔን ሳታያት፣ ያላበበ ቅርንጫፍ ቀርቷል ወይ ብላ ጠየቀች። እትዬ ዘኔ ጥላ በሚበዛበት በኩል ጥቂት ዘግይተው የሚያብቡ እንዳሉ፣ ነገር ግን ጨርቅ እንደሌለ ነገረቻት። አባቴም የመንግሥት ጨርቅ መጋዘን ካልከፈተ አቡጀዲ አይገኝም አለ። እናቴ አልጋው ሥር ያለውን ሳጥን ጎትታ አወጣች። ከልብሶቹ ሁሉ ሥር በወረቀት የተጠቀለለ ስስ ነጭ ጨርቅ ነበር። ከለውጡ በፊት፣ እትዬ ዘኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ስትጨርስ እናቴ ለቬሎዋ ብላ የገዛችው ነው። እትዬ ዘኔ ራሷ መኖሩን አታውቅም ነበር። እናቴ ወስዳ የአባቴ የስፌት መኪና ላይ ዘረጋችው። አባቴ መቀሱን አነሳና መልሶ አስቀመጠው፣ ጨርቁን በመዳፉ ዳሰሰ። እንዲህ ያለ ጨርቅ ካየ ዓመታት አልፈውት ነበር።

«ቁረጠው» አለችው እናቴ።

ያን ቀን ትምህርት ቤት አልሄድኩም፤ ማንም ሂጂ ያለኝ የለም። እናቴ ተራራውን ወጥታ አታውቅም ነበር። በየመታጠፊያው ወገቧን ይዛ ትቆማለች፣ ይሄን ነው እንዴ በየቀኑ የምትወጪው ትላለች። እማማ ድንቄ ነገሩ ሲነገራቸው አማተቡ፣ ትንሽ አለቀሱ፣ ከዚያ ከቤተ ክርስቲያኑ መሰላል ተውሰው አመጡና ራሳቸው ደግፈው ያዙት። እትዬ ዘኔ ላይ ሆና ታስራለች፣ እናቴ ከሥር ታቀብላታለች። የሠርግ ጨርቅ ስለሆነ ከረጢቶቹ ፀሐይ ሲያርፍባቸው ያበሩ ነበር። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ቆመው አዩ፤ አንዷ ሸክሟን ሳታወርድ፣ ምንድነው የምታስሩት እናንተዬ አለች።

እናቴ ዞር ብላ፣ «የእህቴን እድል ነው» አለቻት። «ማንም እንዳይፈታው።»

ሴቲቱ ሌላ አልጠየቀችም። እማማ ድንቄም ከዚያ ቀን ጀምሮ በርጩማቸውን አውጥተው ከዛፎቹ ሥር ይቀመጡ ነበር፤ ያለፈ ያገደመውን በከዘራቸው ያርቁታል። እኛ ስንደርስ እንኳ ማንነታችንን አይተው ነው የሚያሳልፉን።

የካቲት ላይ ከረጢቶቹ የሚፈቱበት ቀን ደረሰ። እናቴ አንድም ሰው ሳይጠራት አብራን ወጣች። መጀመሪያ እትዬ ዘኔ ክፍት ከነበረው ቅርንጫፍ አንድ እፍኝ አበባ ወሰደች፤ በመዳፏ አሽታ እፍ ስትለው ገለባው በነነና ጥቃቅን ዘሮች ቀሩ። በጥፍሯ ጫን ስትላቸው ውስጣቸው ሙሉ ነው። እናቴ ጎሽ አለች። ቀጥሎ እትዬ ዘኔ አንዱን ከረጢት ፈታች። አሸችው፣ ገለባውን እፍ አለችው፣ የቀረውን በጥፍሯ ጫን አለችው። እየተሰበረ አቧራ ሆነ። ሁለተኛውን ከረጢት ፈታች። እንደዚያው ነው። ሦስተኛውንም።

እናቴ ፊቷ ተለዋወጠ። ጥናቱ ምን እንደሚፈልግ እኔ ስንት ጊዜ ሰምቼ ረስቼዋለሁ፤ እሷ ግን ጭራሽ አልሰማችም ነበር።

«ባዶ ነው?» አለች።

«ባዶ ነው» አለች እትዬ ዘኔ።

«ሁሉም?»

«ሁሉም፣ እታለም። አንድ እንኳ የለበትም።»

እናቴ መሬት ላይ ቁጭ አለችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ጨርቁም ሄደ፣ ዘሩም ሄደ፣ ምን አደረግኩሽ እያለች ማልቀስ ጀመረች። እኔም አየኋትና አለቀስኩ። እማማ ድንቄ፣ እኔ ጠብቄያለሁ፣ ማንም አልነካውም እያሉ ይምላሉ። እትዬ ዘኔ አጠገቧ ተንበረከከች፣ ልትናገር ሞከረች፣ ሳቋ አላስናገራት አለ። ከዚያም እናቴን አንገቷን አቅፋ እሷም ማልቀስ ጀመረች። እንዲህ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም ነበር። ባዶ መሆኑ ነው የሚፈለገው፣ ባዶ ባይሆን ነበር ያለቀልኝ ብላ እናቴን ለማስረዳት ብዙ ጊዜ ወሰደባት። እናቴ መጨረሻ ላይ እሺ አለች። የገባት ግን አይመስለኝም።

በሰኔ ጥናቷን አቀረበች። ትምህርት ክፍሉ አስቀራት፤ የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። አባቴ ሱቁን ዘግቶ ዋለ፣ ያን ቀን ግን እኔን በር ላይ አላስቀመጠኝም። ጎረቤቶች እንኳን ደስ አላችሁ ሊሉ ሲመጡ የተቀበለቻቸው እናቴ ነች። ባል መጣላት እንዴ ለሚሉት አልመጣም፣ ሥራ ነው ትላለች። እንዴት ሆኖ አገኘችው ሲሏት ደግሞ ቀና ብላ ትመልስላቸው ነበር።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁሉም ባዶ ሆነላት።»